ሽቅብ የሚወጣ ጭነት

በከተማችን በዓለም ጤና ባቡር የለም። ከሞጆ ተነስቶ በሻሸመኔ፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ወደ ደቡብ ይዘልቃል የተባለው መስመር በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ላይ ከሰፈረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በደጃችን የሚያልፈው ግን ዛሬም ተሳቢ መኪና ነው። ስለዚህ የጭነት ባቡር ፎቶ ማንሳት የሚወድ የዓለም ጤና ሰው ገና ሌሊት ሳለ ይነሳል፣ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይጠብቃል፣ ቆቃን አልፎ ሞጆ ይወርዳል፣ ከዚያ ሌላ ይዞ ወደ አዳማ ይታጠፋል። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ሐዲዱን ከሚያሳይ ጉብታ ላይ መድረስ አለበት። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

በዓለም ላይ የጭነት ባቡርን በፍቅር የሚከታተሉ ፎቶ አንሺዎች ከሁሉ አብልጠው የሚሹት የብረት ማዕድን መስመር ነው። በስዊድን ከኪሩና የሚወጣው ማዕድን ተራራ አቋርጦ ኖርዌይ ውስጥ ወዳለው የናርቪክ ወደብ ይወርዳል፤ አንዱ ባቡር 68 ፉርጎ ይጎትታል፣ ከነጭነቱ 8,600 ቶን ገደማ ይመዝናል። ሞሪታንያ ውስጥ ከዙዌራት እስከ ኑዋዲቡ 704 ኪሎ ሜትር በረሃ የሚያቋርጠው ባቡር እስከ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ይረዝማል፤ ሰዎች ከማዕድኑ ክምር ላይ ወጥተው፣ ፊታቸውን በሻሽ ጠቅልለው ይጓዙበታል። በምዕራብ አውስትራሊያ በፒልባራ በ2001 እ.ኤ.አ. አንድ ቀን የተነዳው ባቡር ደግሞ 682 ፉርጎ ነበረው፤ ከፊት ሎኮሞቲቩ እስከ ጭራው ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በእግሩ ልለፈው ያለ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል።

እነዚህን መስመሮች ለካሜራ የተመቹ ያደረጋቸው ርዝመታቸው ብቻ አይደለም። ፉርጎው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ጭነቱም አንድ ነው፤ የሚነሳበትና የሚራገፍበት ቦታም አንድ ነው። አንድን ፎቶ ያየ ሰው ማንም ሳይነግረው የቦታውን ኑሮ ያነባል፦ እዚህ ተራራ ተቆፍሮ በሐዲድ እየተጫነ ወደ ባሕር ይሄዳል።

እኛ እንዲህ ያለ መስመር የለንም። በወለጋ፣ ጊምቢ አካባቢ፣ ቢቂላል ላይ የብረት ማዕድን እንዳለ ከታወቀ ቆይቷል፤ ሐዲድ ግን አልደረሰበትም። ያለን የጭነት መስመር ከጅቡቲ የሚመጣው ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ያንን መስመር የማነሳው የውጭ አገር ፎቶ አንሺዎችን ሥራ በልቤ ይዤ ነበር። ረጅም ባቡር፣ ሰፊ ሜዳ፣ ከኋላ ተራራ። ፎቶዎቹ አልከፉም፤ ግን አንድ ነገር ይጎድላቸው ነበር። ምን እንደጎደላቸው የገባኝ የአዳማን ዳገት ደጋግሜ ከተመለከትኩ በኋላ ነው።

በእነዚያ የማዕድን መስመሮች ሙሉው ባቡር ቁልቁል ወደ ባሕር ይሄዳል፣ ባዶው ሽቅብ ይመለሳል። ስዊድኖች ይህን ጸጋ በደንብ ተጠቅመውበታል፦ ማዕድን የጫነው ባቡር ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሮቹ እንደ ፍሬን ይይዙታል፤ ሲይዙትም ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ ያ ኤሌክትሪክ ባዶውን ባቡር ከናርቪክ እስከ ስዊድን ድንበር መልሶ ለማውጣት ይበቃል። ክብደቱ ራሱ ነዳጅ ሆነ ማለት ነው።

የኛ የተገላቢጦሽ ነው። የምናስገባው ዕቃ ከምንልከው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሙሉው ባቡር ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል የሚወርደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀሎ ነው። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ዘይቱ፣ ብረቱ፣ መኪናው፣ በኮንቴይነር የታሸገው ሁሉ ዳገት ይጠብቀዋል። አንድ ቶን ዕቃ ከባሕር ወለል ሞጆ ድረስ፣ ማለትም ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ለማንሳት ብቻ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈልጋል። ይህ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ እንጀራ ሲጋገርበት የሚፈጀው ነው። የሐዲዱ ሰበቃና የነፋሱ ግፊት ገና አልተቆጠሩም። 2,000 ቶን ዕቃ የጫነ ባቡር ሞጆ ሲገባ 2,000 ምጣድ ተጥዶ እንደነበር አስቡት። ቻይና ሠራሾቹ የጭነት ሎኮሞቲቮች እያንዳንዳቸው 7,200 ኪሎዋት ጉልበት የተሰጣቸው በከንቱ አይደለም።

ይህን ካሰላሁ በኋላ አነሳሴ ተለወጠ። የሚያልፈው ባቡር ሙሉ ይሁን ባዶ፣ ይውጣ ይውረድ የማይነግር ፎቶ፣ ቀለም የተቀባ ብረት ፎቶ ነው እንጂ የጭነት ባቡር ፎቶ አይደለም ብዬ አምናለሁ። የሚነሳው ክብደቱ ነው።

ክብደት እንዴት ይታያል? አንዱን ትምህርት ያገኘሁት ከወለንጪቲ ወጣ ብሎ ፍየል ከሚጠብቅ ልጅ ነው። ሁለታችንም ከአንድ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠናል። ባቡሩ ገና ከኮረብታው ማዶ ነው፤ አይታይም።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ባዶ ነው» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«ይንኳኳል። ሙሉው አይንኳኳም፤ መሬቱን ነው የሚያንቀጠቅጠው።»

ልክ ነበር። ሸክም የሌለው ፉርጎ ስፕሪንጉ ብዙ ስለማይጨመቅ ይዘላል፣ ይንቋቋል፤ የተጫነው ግን በስፕሪንጉ ላይ ተኝቶ ያጉረመርማል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌንሴን ወደ ጎማዎቹ አወርዳለሁ። በረጅም ሌንስ ከጎን ሲታይ፣ የሙሉው ፉርጎ አካል ወደ ጎማዎቹ ቀረብ ብሎ ይታያል። ልዩነቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ግን አንዴ ዓይን ከለመደው አይስተውም። ኮንቴይነር ያልተጫነበት ፉርጎ ደግሞ አጽሙ ብቻ ነው፤ በመሐሉ ማዶው ሜዳ ይታያል።

አሁን ወደ ፀሐይዋ ልመለስ። ከሞጆ አዳማ ያለው ሐዲድ በግምት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ግንባሩን ታበራዋለች። ጭነት ይዞ የሚወጣው ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ይመጣል፤ እሱን የምታበራው የማታ ፀሐይ ናት። ስለዚህ ጠዋት የባዶው ነው፣ ከሰዓት በኋላ የሙሉው። በጎህ ከጉብታው ላይ የምገኘው ቁልቁል የሚሄደውን ቀላሉን ባቡር ለማንሳት ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ቦታዬን ቀይሬ ዳገቱን የሚወጣውን እጠብቃለሁ። የጭነት ባቡር ለተመልካች የሚነገር ሰዓት ስለሌለው በመካከል ያለው ጊዜ የትዕግሥት ነው። ቆሎና ውሃ ይዛችሁ ሂዱ።

ሌላም የፀሐይ ነገር አለ፤ ከሰሜን አገሮች በመጣ የፎቶ መማሪያ ላይ አይገኝም። እዚያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከደቡብ በኩል ስለምትሆን ምንጊዜም ከሐዲዱ ደቡብ ቁሙ ይላሉ። አዳማ ግን ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ናት። ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ ማብቂያ ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ስለዚህ በበጋ ከሐዲዱ ደቡብ፣ ክረምቱ ሲቃረብና በክረምት ከሰሜን መቆም ይገባል። ይህን ሳላውቅ ሰኔ ላይ ያነሳኋቸው ባቡሮች ጎናቸው በጥላ ጠቁሮ ሳይ ካሜራዬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ማንሳትን አልመክርም። የሐዲዱ ጠጠር ሲግል ከላዩ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል፤ በረጅም ሌንስ ሲታይ ሎኮሞቲቩ በሚፈላ ድስት ውስጥ ያለ ይመስላል፤ የትኛውም ውድ ሌንስ አያድነውም።

ስለ ፍጥነት ጥቂት ልበል። የጭነት ባቡሩ እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል፤ ይህ በሴኮንድ 22 ሜትር ነው። የካሜራው መዝጊያ አንድ ሺህኛ ሴኮንድ ብቻ ከተከፈተ ባቡሩ በዚያች ቅጽበት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሥዕሉ ላይ ቆሞ ይታያል። በአንድ ስድሳኛ ሴኮንድ ግን 37 ሳንቲ ሜትር ይራመዳል፤ ካሜራው ካልተከተለው ይደበዝዛል። ካሜራውን ከባቡሩ ጋር እያዞሩ ቀስ ባለ መዝጊያ ያነሱ እንደሆነ ባቡሩ ጠርቶ ግራሩ፣ ምሰሶውና የጤፍ ማሳው ወደ ኋላ ይፈስሳሉ። ይህ ዘዴ ለሚወርደው ቀላል ባቡር ያምርበታል። ለሚወጣው ሙሉ ባቡር ግን አልጠቀምበትም፤ እሱ ልፋቱ ነው የሚታየው እንጂ ሩጫው አይደለም። ከፊት ለፊት፣ ከሩቅ፣ በረጅም ሌንስ አነሳዋለሁ። ረጅም ሌንስ ርቀትን ያጥፋል፤ ኮንቴይነሮቹ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ ይመስላሉ፤ ከዓይን የተደበቀው ዳገትም ጎልቶ ይወጣል።

አንድ ነገር ግን ከልብ አሳስባለሁ። ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል። እንዲህ ያለ ኃይል ለመግደል መነካት አያስፈልገውም፤ በጣም ለቀረበው ነገር በአየር ዘልሎ ይደርሳል። ፉርጎ ላይ መውጣት፣ ረጅም የካሜራ እንጨት ወደ ሽቦው ማንሳት ሞት ነው። ጣቢያ ግቢና ድልድይ ላይም ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ጥበቃዎቹን ቀርቦ፣ ሰላም ብሎ፣ ምን እንደሚያነሱ አስረድቶ መጠየቅ ነው። አይሆንም ካሉ አይሆንም። ከሐዲዱ ርቆ ካለ ጉብታ ላይ የሚነሳው ፎቶ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

እንዲህ ካለ ጉብታ ላይ አዳማን ሳይ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኔ የሚያርፈው በነፋስ ማማዎቹ ላይ ነው። በሁለት ዙር የተተከሉት 136 ናቸው፤ በጠቅላላው 204 ሜጋዋት ማመንጨት ይችላሉ። ባቡሩ የሚሄደው ከብሔራዊው መረብ በሚገኝ ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ማማዎቹና ባቡሩ በአንድ ሥዕል ሲገቡ ለጌጥ አይደለም፤ ነፋሱ፣ ግድቡ፣ ሽቦውና ዳገቱ የአንድ ሥራ ክፍሎች ናቸው። ነፋስ ከላይ የማማዎቹን ክንፍ ሲያዞር፣ ከታች ደግሞ የስንዴ ባቡር ሲወጣ ያገኘሁበት አንድ የጥር ማታ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜ ያነሳሁት አራት ፎቶ ብቻ ነው፤ አራቱንም አሁን ድረስ አልሰረዝኳቸውም።

ከዚህ ሐዲድ በፊት ሌላ ሐዲድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። 784 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ የሆነ ሐዲድ። ለገሃር የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው የጣቢያ ስም ነው። በጣሊያን ዘመን የመጣችው ሊትሪና የተባለች ባቡርም በሽማግሌዎች ወሬ እስከዛሬ አለች። አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት፣ ያደገችው ያ ሐዲድ በመሐሏ ስላለፈ ነው፤ የአዲሱ መስመር ጣቢያ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። የድሮው መስመር ሰው፣ ገበያና ባቡር የሚጋፉበት ነበር፤ የዛሬው ካሜራ የያዘን ሰው ከሩቅ ያቆመዋል። ሁለቱንም ለማየት የታደለ ፎቶ አንሺ ልዩነቱን በሌንሱ ምርጫ ብቻ ያውቀዋል፦ ያኔ አጭር ሌንስ፣ አሁን ረጅም።

አዲሱ መስመር ከሰበታ ጅቡቲ ነጋድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ነው። የቻይና ኩባንያዎች ሲያስተዳድሩት ቆይተው ከግንቦት 2016 ጀምሮ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ሰዎች እጅ ገብቷል። ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ሐዲድ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ይሆናል። ነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች መተላለፍ የሚችሉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ ገብቶ ቆሞ ሌላው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ለኔ የመስመሩ ምርጥ ትዕይንት ይህ ነው። ባዶውና ሙሉው ጎን ለጎን የሚታዩት እዚያ ነውና።

መተሐራ ላይ ይህን ማየት ይቻላል፤ መተሐራ ግን ከባቡሩ ሌላ የራሱ ጉዳይ አለው። የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም ነበር፤ አሁን ከ40 ይበልጣል። ውሃው እየሰፋ የድሮውን ሐዲድና አስፋልቱን ስለተጠጋ መንገዱን በድንጋይ ከፍ እያደረጉ መሥራት ግድ ሆኗል። በሐይቁ ዳር ጥቁር የቀለጠ ድንጋይ ተዘርግቷል፤ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተፋው ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ የፈንታሌ አካባቢ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። እዚያ ቆሞ ባቡር የሚያነሳ ሰው ሐዲዱ የተኛበት መሬት ራሱ እየተላቀቀ መሆኑን አይረሳም፤ የስምጥ ሸለቆው ሁለት ከንፈር በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃል። ጥቁሩ ድንጋይ፣ ግራጫው ውሃ፣ መሐሉን የሚያቋርጠው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ ሎኮሞቲቭ፦ ብርሃኑን ለመለካት ያስቸግራል። ድንጋዩ ካሜራውን አታልሎ ሥዕሉን ከልክ በላይ ያነጣዋል፤ እኔ ሁልጊዜ በእጄ አጨልመዋለሁ።

ከዚያ አልፎ አዋሽ አለ። እዚያ አንድ ቦታ ላይ ካሜራዬን አላወጣም። ጥር 1977 ዓ.ም. የድሮው መስመር የመንገደኛ ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ጠማማው ድልድይ ላይ ደርሶ ወደ ገደል ወደቀ፤ 428 ሰው ሞተ። ሌሎች አንሥተውት ይሆናል፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን እዚያ ስደርስ ቆሜ አልፋለሁ።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ዊንስተን ሊንክ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የድንጋይ ከሰል የሚያመላልሱ የእንፋሎት ባቡሮችን በሌሊት ያነሳ ነበር። በርካታ የፍላሽ አምፖሎችን በሽቦ አያይዞ፣ ባቡሩ በሚያልፍበት ቅጽበት በአንድ ጊዜ ያበራቸዋል። ብርሃኑን የምመርጠው እኔ እንጂ ፀሐይ አይደለችም የሚል ሰው ነበር ማለት ይቻላል፤ ከባቡሩ ጋር በየቤቱ ደጅ የተቀመጡትን፣ የሚዋኙትን፣ ከብት የሚነዱትን ሰዎችም ያስገባ ነበር። የኛን ባቡር በፍላሽ ማንሳት ለነጂው አደጋ ስለሆነ አይሞከርም፤ ከሊንክ የወሰድኩት ግን ሰዎቹን ነው። የፍየል ጠባቂው ልጅ ካልገባበት የወለንጪቲ ባቡር ምኑን የወለንጪቲ ሆነ?

ሞጆ ስመለስ ብዙ ጊዜ መሽቷል። ባቡሩ ከደረቅ ወደቡ አጠገብ ይራገፋል፤ ክሬኑ ኮንቴይነሩን ከፉርጎ አንስቶ ተሳቢ ላይ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ኮንቴይነር በጎኑ መለያ አለው፦ አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደሎች የባለቤቱን ድርጅት ይነግራሉ፤ ስድስቱ አኃዝ የኮንቴይነሩ ቁጥር ናቸው፤ ሰባተኛው ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ፣ ጸሐፊ ቢሳሳት ስህተቱን የሚያጋልጥ ነው። ጥርት ያለ ፎቶ ላይ ይህ ሁሉ ይነበባል።

ስለዚህ ፎቶዎቼን አሳትሜ፣ ቁጥሮቹን በደብተር ገልብጬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዓለም ጤና መንገድ ዳር ካለች ቡና ቤት በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ የሚወርዱትን ተሳቢዎች እያየሁ መለያቸውን አነባለሁ። የጎረቤት ልጅ አብራኝ ትቀመጣለች፤ ዓይኗ ከኔ ስለሚሻል ፊደሎቹን እሷ ትጠራለች፣ እኔ ደብተሩን እገልጣለሁ። ዳገቱን ሲወጣ ያነሳሁትን አንድ ኮንቴይነር በደጃችን ሲያልፍ ለማግኘት ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ በሁለት አኃዝ ብቻ ተለየብን።